ከድሬዳዋ ተነስቶ ውጭ አገር ለኢንተርንሺፕ መሄድ፦ ከወረቀቱ እስከ ሻንጣው

አዲስ አበባ ያለ ተማሪ አንድ ማህተም ቢጎድለው ታክሲ ይዞ ሄዶ አስመትቶ ይመለሳል። የድሬ ልጅ ግን ለዚያችው ማህተም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፣ ያንኑ መንገድ ደግሞ ይመለሳል። በአውቶቡስ ከሆነ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። በአውሮፕላን ከሆነ አንድ ሰዓት ነው፣ ኪስ ግን ይጎዳል። አልጋው፣ ምግቡ፣ ከክፍል የሚቀረው ቀን ሲደመር አንዲት ማህተም በጣም ውድ ናት።

እኔ ሜካኒካል ምህንድስና እየተማርኩ ጀርመን ለ3 ወር ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) ስሄድ ዝግጅቱ 8 ወር ፈጅቶብኛል። አዲስ አበባ አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አሁን ሳስበው ሁለቱ ጉዞ ይበቃ ነበር። ሦስቱ የባከኑት ቅደም ተከተሉን ስላላወቅኩ ነው፤ የትኛው ወረቀት የትኛውን እንደሚጠብቅ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይሄን የምጽፈውም ለድሬ፣ ለሐረርና ለሐረማያ ልጆች ነው። አንዴ ለሰነድ፣ አንዴ ለቪዛ ሂዱ፣ ሦስተኛው ጉዟችሁ የበረራው ይሁን።

መጀመሪያ፦ ጥሪው እውነት ነው?

ከምንም በፊት ይሄ ይቅደም። የተቀባይነት ደብዳቤ ሲመጣ እናት እልል ትላለች፣ ሰፈር ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ «ቆይ እስኪ ላጣራ» ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ለቤት ከመናገራችሁ በፊት አጣሩ።

ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ አትደውሉ። የድርጅቱን ድረ ገጽ ራሳችሁ ፈልጉና እዚያ ባገኛችሁት አድራሻ «ይሄን ደብዳቤ የላካችሁት እናንተ ናችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኢሜይሉ የመጣው ከድርጅቱ የራሱ አድራሻ ነው ወይስ ማንም ከሚከፍተው ጂሜይል? በቪዲዮ ያነጋገራችሁ ሰው አለ? ምን እንደምትሠሩ፣ ማን እንደሚከታተላችሁ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የኪስ ገንዘብ ይኖር እንደሆነ፣ ቤቱን ማን እንደሚከፍል ተጽፏል? እውነተኛ ጥሪ እነዚህን ሳትለምኑት ይናገራል።

ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ለምን እንደሆነ በደንብ እዩ። ለምሳሌ የተባበሩት መንግሥታት በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ላይ ከአመልካች ገንዘብ አይቀበልም። በእሱ ስም «የማስኬጃ ክፈሉ» የሚል ሰው ሌባ ነው። በሌላ በኩል አሜሪካ ኢንተርን ሆኖ ለመግባት የሚያግዙ ፈቃድ ያላቸው ስፖንሰር ድርጅቶች በሕጋዊ መንገድ ክፍያ ያስከፍላሉ። ልዩነቱ እነሱ ክፍያውን ድረ ገጻቸው ላይ በግልጽ ይጽፋሉ፣ የተፈቀደላቸው መሆኑም ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዝርዝር ላይ ይታያል። በአንድ ግለሰብ የባንክ ሂሳብ ወይም በቴሌብር ላኩ የሚል ካለ ግን እዚያው ላይ ተዉት።

አንድ የሰፈራችን ልጅ «ኢንተርንሺፕ ከነቪዛው» ላለው ደላላ የእናቱን የዕቁብ ገንዘብ ሰጥቶ ቀርቷል። እሱ ቢያንስ ከቤቱ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ከማይናማር የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ካምፖች ከተለቀቁት ሰዎች መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ ታይላንድ ውስጥ ጥሩ የኮምፒውተር ሥራ አለ ተብለው የሄዱ ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ ሥራው ሳይብራራ ደመወዙ የሚያስጎመጅ ከሆነ፣ «ቪዛውን እዚያ ስትደርሱ እናስተካክላለን» ከተባላችሁ አትሂዱ። በቃ።

ወጪውንም ከአሁኑ እወቁ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት ኢንተርን ደመወዝ የለውም፤ ኒውዮርክ ወይም ጄኔቫ ላይ የቤት ኪራዩ የራሳችሁ ነው። ወጪ የሚሸፍኑም አሉ። ሳዑዲ ያለው የንጉሥ አብዱላህ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ (ካውስት ይሉታል) ለጎብኚ ተማሪዎች ወርሃዊ ገንዘብ፣ መኖሪያና የአውሮፕላን ትኬት ይሰጣል። ጃፓን ኦኪናዋ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም የምርምር ኢንተርኖችን እየከፈለ ይቀበላል። ገንዘብ የለኝም ብሎ ከማቆም በፊት እንዲህ ያሉትን መሞከር ተገቢ ነው።

ስለ ቪዲዮ ቃለ መጠይቁ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ ሰዓቱ፦ ጀርመን በክረምቷ ከእኛ 2 ሰዓት፣ በበጋዋ 1 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በክረምት «10:00» ካሏችሁ የእኛ ቀን 6 ሰዓት ነው። ሁለተኛ ቬንትሌተሩን አጥፉት፤ በማይክ ሲሰማ እንደ ጄኔሬተር ይጮኻል። ላብ ይሻላል። መብራት ቢሄድም እንዳትቋረጡ ስልኩ ላይ ካርድ ሙሉ፣ ላፕቶፑንም ቻርጅ አድርጉ።

ስም፣ የልደት ቀን፣ እንደገና ስም

ከባከኑት ጉዞዎቼ መነሻ አንዱ እዚህ ነው። የአባቴ ስም መሐመድ ነው። ፓስፖርቴ ላይ በእንግሊዝኛ መሐሉ ላይ ሁለት ኤም አለው፣ ትራንስክሪፕቴ ላይ አንድ ኤም፣ የልደት ሰርተፍኬቴ ላይ ደግሞ «ኦ» የነበረው ፊደል «ዩ» ሆኗል። እኛ ብንሰማው አንድ ስም ነው። መስኮቱ ጋ ለተቀመጠው ሰው ግን የሦስት ሰው አባት ነው።

እዚህ አካባቢ ይሄ ችግር ከሌላው ይብሳል፤ ምክንያቱም ስማችን በአንድ ቋንቋ ተወልዶ በሌላ ቋንቋ ይመዘገባል። ጫልቱ በቁቤ ስትጻፍ በ«ሲ» ብቻ ትጀምራለች፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትገለበጥ በ«ሲ ኤች» ትጀምራለች። ፋጡማ አንዱ ጋ ፋጢማ ትሆናለች። አህመድ መሐሉ ላይ አንዴ «ኢ» አንዴ «ኤ» ይገባበታል። የሱማሌ፣ የሐረሪ፣ የኦሮሞ፣ የአማራ ልጅ ሳይል ሁሉም ጋ አለ።

ስለዚህ አንድ ቀን መድቡ። ያላችሁን ሰነድ ሁሉ አልጋ ላይ ዘርጉት፦ ፋይዳ፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ስቱደንት ኮፒ (የዩኒቨርሲቲ ውጤት)፣ ፓስፖርት ካለ ፓስፖርት፣ የባንክ ደብተር። ስማችሁን፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም ከእያንዳንዱ ላይ ፊደል በፊደል አንድ ወረቀት ላይ ገልብጡ። በዓይን ማየት አይበቃም፣ ዓይን የለመደውን ስም አስተካክሎ ያነበዋል። ጻፉት።

ልዩነት ካገኛችሁና ፓስፖርት ገና ካላወጣችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ለማስተካከል በጣም የሚከብደውን ሰነድ መሠረት አድርጉ፤ ብዙ ጊዜ የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። ሌላውን ሁሉ ወደ እሱ አምጡ፣ ፓስፖርቱንም በዚያው ፊደል አውጡ። ፓስፖርቱ ቀድሞ ከወጣ ደግሞ መሠረቱ እሱ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ስም የሚያስተካክልበት ሥርዓት አለው፣ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ጊዜም ይወስዳል፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ የሚሠራው። ማስተካከል የማይቻል ልዩነት ከቀረ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ሕጋዊ ማረጋገጫ አውጥታችሁ ከሰነዶቹ ጋር አያይዙ።

የልደት ቀን ሌላው ጉድ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 የተወለደ ሰው የኢትዮጵያው ዓመት ላይ 7 ይደምራል፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ 8። ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የሚስተው ግን ጳጉሜን 6 ስትሆን የሚመጣውን የአንድ ቀን ለውጥ ነው። መስከረም 20 ቀን 1996 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 ቀን 2003 ነው፤ ምክንያቱም የ1995 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። በግምት የሚቀይረው ሰው ሴፕቴምበር 30 ብሎ ይጽፋል። አንዱ ሰነድ ላይ 30፣ ሌላው ላይ 1። ከአንድ ትክክለኛ የቀን መቀየሪያ ላይ ውሰዱና ሁሉም ቦታ ያንኑ ጻፉ።

ቅጽ ስትሞሉ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ይመጣል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ አባትና አያት ነው ያለን። በራሳችሁ አትወስኑ። ፓስፖርታችሁ ላይ ስሙ እንዴት እንደተከፈለ እዩና ቅጹ ላይም፣ ትኬቱም ላይ፣ ኢንሹራንሱም ላይ ልክ እንደዚያው አድርጉ። ለኢንተርንሺፑ ድርጅትም ከመጀመሪያው ደብዳቤ በፊት የፓስፖርታችሁን ፎቶ ኮፒ ላኩላቸው። እኔ ይሄን አላደረግኩም፣ ደብዳቤው በአባቴ ስም ተጠርቼበት መጣ፣ እንደገና እስኪጻፍ ሦስት ሳምንት ሄደ።

ፓስፖርት

ድሬ ላይ ይሠራል፤ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት እዚሁ ቅርንጫፍ አለው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፣ ከዚያ በቀጠሮ አሻራና ፎቶ ትሰጣላችሁ። ቅጹን ራሳችሁ ሙሉት። ደጅ ላይ ላፕቶፕ ይዘው የሚሞሉ ልጆች ይፈጥናሉ፣ ግን በቀን ስንት ሰው ነው የሚሞሉት? የእናንተን ኤም የሚቆጥርላችሁ የለም። ከመላካችሁ በፊት አንድ ሌላ ሰው ስሙን ጮክ ብሎ ፊደል በፊደል ያንብብላችሁ።

ኢንተርንሺፑ ባይመጣ እንኳ ፓስፖርቱን አሁን አውጡ። ብዙ ማመልከቻ የፓስፖርት ቁጥር ይጠይቃል፤ ጥሪው ደርሶ ፓስፖርት መጠበቅ ከባድ ነው። ያላችሁም የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ለሸንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ፓስፖርቱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የወጣ፣ ከዚያ ከምትወጡበት ቀን በኋላም ቢያንስ 3 ወር የሚቆይ፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት።

የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ጉዞ፦ ሰነዶች

ከመሄዳችሁ በፊት ድሬ ላይ የሚያልቀውን ጨርሱ። ከወሳኝ ኩነት የልደት ሰርተፍኬት። ከሬጅስትራር ስቱደንት ኮፒ። ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ።

ደብዳቤው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የሚረዳው እሱ ነው። «ተማሪያችን ነው» ብቻ የሚል ደብዳቤ አይበቃም። ስንተኛ ዓመት እንደሆናችሁ፣ ስንት ሴሚስተር እንደጨረሳችሁና ስንት እንደቀራችሁ፣ ኢንተርንሺፑ ከትምህርታችሁ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ መቼ ተመልሳችሁ እንደምትመዘገቡ ይጻፍበት። ጀርመን ለምሳሌ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪን ለኢንተርንሺፕ ስታስገባ ልምምዱ ከሚማረው ጋር መዛመዱንና ቢያንስ 4 ሴሚስተር መጨረሱን ታያለች፣ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቷም መስማማት አለበት። ያንን ስምምነት ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው ተቀባዩ ድርጅት ነው፤ እናንተ ግን «ጀመራችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመመለሻው ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ደግሞ በኋላ ቪዛ ላይ ዋና መከራከሪያችሁ ይሆናል። ረቂቁን ራሳችሁ ጽፋችሁ ለትምህርት ክፍል ኃላፊው ብትወስዱለት ደስ ይለዋል፣ ሥራ ነው ያቀለላችሁለት።

የተመረቃችሁ ከሆነ ኮስት ሼሪንግ ሳይከፈል ዋናው ዲግሪ አይሰጥም፣ ቴምፖ (ጊዜያዊውን ዲግሪ) ይዛችሁ ነው የምትቆዩት። ተቀባዩ ቴምፖ ይቀበል እንደሆነ ቀድማችሁ በኢሜይል አረጋግጡ። አሜሪካ ኢንተርን የሚሆነው አሁን የሚማር ወይም ከተመረቀ 12 ወር ያልሞላው ሰው ስለሆነ ተመራቂዎች ጊዜውን ቁጠሩ።

ከዚያ ጥያቄው የትኛው ሰነድ ይረጋገጥ ነው። ሁሉንም ማስመታት ገንዘብ ማባከን ነው። የኤምባሲውንና የተቀባዩን ዝርዝር አውጡና የተጠየቀውን ብቻ አስመቱ። ቅደም ተከተሉ በጥቅሉ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ሰነዱን የሚመለከተው አካል ያረጋግጠዋል፣ የትምህርት ማስረጃ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ውክልናና ቃለ መሃላ ከሆነ የሰነዶች ማረጋገጫ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማህተም የመጨረሻው ነው፣ ከእሱ አትጀምሩ። እኔ ጀምሬ ተመልሻለሁ።

ጉዞውን እሑድ አድርጉ፣ ሰኞ ጠዋት በር ላይ እንድትገኙ። የበዓል ቀን አለመሆኑን እዩ። እያንዳንዱን ከሦስት ፎቶ ኮፒ ጋር፣ ስካኑንም ስልካችሁና ኢሜይላችሁ ላይ ያዙ። ዘመድ ቤት ካለ እዚያ እደሩ፤ ከድሬ ሲኬድ ባዶ እጅ አይኬድም፣ ሐላዋና ሙሸበክ ይዛችሁ ሂዱ።

ገንዘብ

ኤምባሲ የሚያየው የገንዘቡን ብዛት ብቻ አይደለም፣ ከየት እንደመጣም ያያል። የእኛ ቤተሰብ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ባንክ ውስጥ አይተኛም፤ ሱቅ ውስጥ በዕቃ ነው፣ ዕቁብ ውስጥ ነው፣ ሰው እጅ ላይ ነው። ከዚያ ቪዛ ሲደርስ ዕቁብ ይወጣና ሂሳቡ በአንድ ቀን ያብጣል። ስቴትመንቱ ላይ ለወራት ባዶ ሆኖ ከማመልከቻው አንድ ሳምንት በፊት ትልቅ ገንዘብ ሲገባበት የተበደራችሁት ይመስላል። ስለዚህ ቢያንስ ከ3 እስከ 6 ወር ቀድማችሁ ገንዘቡ በባንክ በኩል እንዲያልፍ አባታችሁን አሳምኑ። ከፍራ ወይም መጋላ ሱቅ ያለው አባት የዕለቱን ሽያጭ ባንክ ሲያስገባ ከርሞ፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ ሲጨመርበት፣ ከአንድ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ የበለጠ ይታመናል። ዕቁቡ ግድ ከሆነም አትደብቁት፤ ምን እንደሆነ በአጭር ደብዳቤ አስረዱ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፈረንጅ የእናንተንና የአባታችሁን ስም ሲያይ መጨረሻ ላይ ያለው ስም አይገጥምለትም፣ የእናንተ የአያታችሁ ነው፣ የእሱ የእሱ አያት ነው። አባት ስፖንሰር ከሆነ የልደት ሰርተፍኬቱን ከስፖንሰር ደብዳቤው ጋር አያይዙ። ልጁ መሆናችሁን የሚያሳየው እሱ ነው።

የውጭ ገንዘቡን ከባንክ ግዙ። ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ደረሰኙን እስክትመለሱ አትጣሉት። ጥቁር ገበያ በሕግም ያስጠይቃል፣ ሐሰተኛ ኖት ቢደርሳችሁም የምትከሱት ሰው የለም።

ሁለተኛው ጉዞ፦ ቪዛ

ቀጠሮ ከሁሉም በላይ የሚያስጠብቀው ነው። ሰነድ እስኪሟላ አትጠብቁ፣ ጥሪው እንደመጣ የቀጠሮውን ሁኔታ እዩ። ለአጭር ጊዜ (እስከ 90 ቀን) የሸንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፣ የመጨረሻው 15 ቀን ሲቀረው ነው። ውሳኔው በመደበኛው ደንብ 15 ቀን ነው፣ ለኢትዮጵያውያን ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 45 ቀን ከፍ ተደርጓል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለከሉም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ከ90 ቀን በላይ ከሆነ ግን የዚያ አገር ብሔራዊ ቪዛ ነው፣ ሕጉም ቅጹም ሌላ ነው። አንዳንዱ ኤምባሲ ራሱ ይቀበላል፣ አንዳንዱ እንደ ቪኤፍኤስ ባለ ድርጅት በኩል ነው፤ አድራሻውን ከኤምባሲው ድረ ገጽ ብቻ ውሰዱ።

አሜሪካ ከሆነ ቪዛው ጄ-1 ይባላል፣ ለኢንተርን እስከ 12 ወር ነው። ስፖንሰሩ ዲኤስ-2019 የሚባለውን ወረቀትና የሥልጠና ዕቅዱን ይልካል፣ እናንተ የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎችና ጎብኚዎች መመዝገቢያ ሥርዓት) 220 ዶላርና የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ከፍላችሁ ለቃለ መጠይቅ ትቀርባላችሁ። እንግሊዝ ከ6 ወር በላይ ከሆነ የቲቢ ምርመራ አለ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሰው የሚወድቀው በእንግሊዝኛ ድክመት ይመስለዋል። ዋናው ግን ታሪኩ አለመግጠሙ ነው። የአሜሪካ ሕግ አመልካቹ እዚያው ሊቀር ነው ብሎ ነው የሚነሳው፣ አለመቅረቱን የማሳየት ሸክሙ የእናንተ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር በራሳችሁ ቃል መናገር ቻሉ፦ እዚያ በየቀኑ ምን እንደምትሠሩ፣ ወጪውን ማን እንደሚከፍል፣ ተመልሳችሁ ምን እንደምታደርጉ። «የመጨረሻ ዓመት ይቀረኛል፣ በዚህ ቀን እመዘገባለሁ፣ ደብዳቤው ይኸው» የሚል መልስ ከረጅም ንግግር ይበልጣል። እውነቱን ብቻ ተናገሩ። ዘመድ እዚያ ካለ አለ በሉ። ሐሰተኛ ሰነድ አንዴ ከተያዘ የሚቀጥለውንም በር ይዘጋል።

የመጨረሻውን ትኬት ቪዛው ሳይመታ አትክፈሉ። ለማመልከቻው ቡኪንግ ይበቃል።

ጤና

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። አብዛኛው የአውሮፓ አገር ካርዱን አይጠይቅም፣ ኬንያና ሕንድን የመሰሉ አገሮች ግን ይጠይቃሉ። ክትባቱ ሥራ የሚጀምረው ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ነው።

ድሬ ላይ ለኖረ ሰው ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። ከተማችን ወባ አለባት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ገብቶባታል። በ2022 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የተነሳው ወባ በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ ከሚራባ አዲስ ትንኝ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። በሄዳችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት ቢይዛችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ሐኪም ጋ ሂዱና «ከኢትዮጵያ፣ ወባ ካለበት ከተማ ነው የመጣሁት» በሉ። እዚያ ያለ ሐኪም ካልነገራችሁት ወባን ላያስብ ይችላል፣ ወባ ደግሞ ከዘገየ ይገድላል።

ሻንጣ

ወደ አውሮፓ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢኮኖሚ ብዙ ጊዜ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው፤ ትኬታችሁ ላይ ያለውን ግን አረጋግጡ። ከድሬ እስከ መድረሻችሁ በአንድ ትኬት ግዙ። ለየብቻ ከገዛችሁት የአገር ውስጡ በረራ የሚፈቅደው ኪሎ አነስተኛ ስለሆነ ድሬ ላይ ትከፍላላችሁ፣ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይም ሁለተኛው አይጠብቃችሁም።

ሽሮና በርበሬ በደንብ ታሽጎ ይሄዳል። ቂቤና ቋንጣ ግን አይሆንም፤ የአውሮፓ ኅብረት መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋፅኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም። እናቶች የሚያነጥሩት ቂቤ እንደሚቀር ሲሰሙ ያዝናሉ፣ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ቡና ከያዛችሁ የተቆላ ይሁን። የሐረር ቡና ለአለቃችሁ፣ ትንሽ የሐረር ስፌት ለቢሮው፣ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም።

አሁን ጫት። እዚህ ከተማ ጫት ሸቀጥ ነው፣ ጨዋታ ነው፣ የብዙ ቤት ገቢ ነው። ጀርመን፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካና ሳዑዲ ግን እንደ ማንኛውም ዕፅ ያስራል። የደረቀውም ያው ነው። እናንተ ባትይዙም ሰው ያሲዛችኋል። የሚሄድ ሰው ሲሰማ ጎረቤቱ ሁሉ «ይቺን ለልጄ» ብሎ የታሰረ ነገር ያመጣል፣ አደራ ነው፣ እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። አቦ፣ እዚህ ላይ ነውሩን ቻሉት። «አምጡልኝ፣ ግን እዚሁ ፈትቼ አይቼ ራሴ ነው የማሽገው» በሉ። ንጹሕ ነገር የሰጠ ሰው አይከፋም። የማትፈቱትን ነገር ለአክስታችሁም ቢሆን አትያዙ። ጉምሩክ ላይ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፣ ማን ሻንጣ ውስጥ ተገኘ ነው።

ልብስ ላይ አትጨነቁ። ከሰልባጅ አንድ ደህና ጃኬት ከድሬ ይገኛል፣ ለመውረጃው ቀን ይበቃል። ወፍራሙን እዚያ ግዙት፣ እኛ ብርድን ስለማናውቀው ስንገዛም እንሳሳታለን። የጀርመን ሶኬት ከእኛ ጋር አንድ ነው። ለእንግሊዝና ለአሜሪካ አዳፕተር ያዙ፣ አሜሪካ ላይ ደግሞ ኃይሉ ግማሽ ስለሆነ ከዚህ የወሰዳችሁት ካውያና የፀጉር መተኮሻ አይሠራም።

ዋናዎቹን ሰነዶች ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ። በእጅ ቦርሳ፣ በፕላስቲክ ክላሰር፣ ከተቀባዩ ስልክና ከቤቱ አድራሻ ጋር በወረቀት ታትሞ ይሁን። ስልክ ይዘጋል፣ ወረቀት አይዘጋም።

ሲም ካርዱና ሰዓቱ

የኢትዮ ቴሌኮም ሲማችሁን አትጣሉት። የባንክና የቴሌብር ኮድ የሚመጣው በእሱ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሮሚንግ አስከፍቱ፣ ዳታውን ግን ዝጉት። ለባንክ ጉዳይ ለምታምኑት ሰው ውክልና መስጠት ካስፈለገም ያንን ከሁለተኛው ጉዞ በፊት ጨርሱ።

ትኬት ላይ ያለውን ሰዓት ደግሞ ከአንድ ሰው ጋር ሆናችሁ አንብቡት። የፈረንጅ ቀን የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። «ረቡዕ 01:30» የሚል ትኬት በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 7:30 ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ረቡዕ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ ደረሰ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ትኬት ካላችሁ ከድሬ የምትነሱት ማክሰኞ ነው፤ እሱንም የማታውን የመጨረሻ በረራ ሳይሆን የቀኑን ያዙ።